ሽመሉን የማይደብቅ ቤት

በቤኒሻንጉል ኮረብታዎች ላይ ቀጥ ብለው የተተከሉ ድንጋዮች ይታያሉ። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት በርታዎች ቀድሞ የቤታቸውን ወለል ከመሬት ከፍ አድርገው ያሳርፉባቸው ነበር። እንጨቱና ሽመሉ በስብሶ ጠፍቷል፤ ድንጋዩ ግን ቤቱ ምን ላይ ቆሞ እንደነበር ዛሬም ይመሰክራል። ስለ ሕንፃ ሐቀኝነት ለመነጋገር ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ሽመል የቆላ ቀርከሃ ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ሲሆን ሽመል ግን አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ነው፤ ስለዚህም ይከብዳል፣ ይጠነክራል። ኢትዮጵያ በቀርከሃ ሀብት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ናት፤ የዚህ ሀብት ትልቁ ክፍል ደግሞ ሽመል ነው፤ ቤኒሻንጉል ጉሙዝም ከዋና መገኛዎቹ አንዱ ነው። በአሶሳ ዙሪያ በሚሠራው የቆየ ክብ ቤት የግድግዳው ሽመል ይታያል፤ ጣሪያው ሾጣጣ የሣር ክዳን ነው። ቤቱን የሚሸከመውና ቤቱን የሚያስውበው አንድ ነገር ነው። የባለሙያው እጅ ጎበዝ ይሁን ሰነፍ በውጭ ከሚታየው ጥልፍ ይታወቃል፤ የሚሸፍንለት ነገር የለም።

የአሶሳ ሰው ሁሉ ግን በሽመል ብቻ አልሠራም። ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ዘምተው ቤኒሻንጉልን ለዐፄ ምኒልክ ካስገበሩ በኋላ የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አልሀሰን ታስረው ነበር። ከእስር ተፈትተው ወርቅ የሚገብሩ ታላቅ ባላባት ሆኑ፤ አዲስ አበባ ላይም ቤተ መንግሥት አሠሩ። የሸጎሌ ሰፈር ስያሜ ከእሳቸው ስም የመጣ ነው። ያ ቤት በመዲናይቱ መኳንንት ወግ የተሠራ ነው እንጂ የአሶሳ ሽመል ቤት አይደለም። ይህን ማስመሰል ነው ብዬ ግን አልወቅሳቸውም። እስረኛ የነበረ ሰው በንጉሡ ከተማ ማዕረጉን በቤት ገልጧል፤ ቤቱ የተሠራለትን ጉዳይ አልሸሸገም።

በሽመል ቤት ማፈር የመጣው በኋላ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ብዙ ሕዝብ አሶሳ ዙሪያ ሲሰፍር መንደሮች በገመድ እንደተለኩ ተደረደሩ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሆኖ ሲቋቋም አሶሳ ዋና ከተማው ሆነች፤ ቢሮ በቢሮ ላይ ተሠራ። ቆርቆሮና ብሎኬት ኑሮው የተለወጠለት ሰው ምልክት ሆኑ። ሽመል ደግሞ ከጭቃና ከቀለም ሥር ገባ። የተሻለ ቤት መመኘት መብት ነው፤ ሣር ክዳን በየጊዜው ማደስም አድካሚ ነው። የሚያሳዝነኝ የተሸከመን ነገር የድህነት ማስረጃ አድርጎ መሸሸጉ ነው።

እንግሊዛዊው ሐያሲ ጆን ረስኪን እ.ኤ.አ. በ1849 ባሳተመው የሕንፃ ጥበብ መጽሐፉ ለእውነት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቷል። ሸክሙን የማይሸከም ምሰሶ ማቆምን፣ አንዱን ቁስ በቀለም ሌላ ማስመሰልን አጥብቆ ያወግዛል። ይህ ሚዛን ወደ አክሱም ሲመጣ ግን ይፈተናል። ሐውልቶቹ ላይ የማይከፈት በርና መስኮት፣ የእንጨት ወራጅ ጫፍ ሳይቀር በድንጋይ ተቀርጿል። ውሸት ነው? አይመስለኝም። ማንም በሩን ሊከፍት አይሞክርም፤ ቀራጩ የሚያውቀውን ቤት በድንጋይ አስታወሰ እንጂ ማንንም አላታለለም። ዛሬ በአዲስ አበባ የደከመን ሕንፃ በአሉኮቦንድና በመስታወት አልብሶ አዲስ ነው ማለት ግን ሌላ ነው። ልዩነቱ ተመልካቹን ከማክበርና ካለማክበር ይመጣል።

ሰውም እንዲሁ ነው። ወጣት ሳለን የሌላውን መልክ እንዋሳለን፤ የበሰለ ሰው ከምን እንደተሠራ ለማሳየት አይፈራም። ይህን የምለው ለስሜት ብቻ አይደለም፤ ጉዳዩ የቤት ዕድሜም ነው። ለጋ ሽመል ነቀዝ ይወደዋል። ሦስት ዓመት ያለፈው፣ በበጋ የተቆረጠ፣ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ የታከመ፣ ከመሬት ተነሥቶ ድንጋይ ላይ ያረፈና ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ የሚከልለው ሽመል ግን ብዙ ዘመን ያገለግላል። በጭቃ የተሸፈነውን ምስጥ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ግድግዳው ሲዘም ነው። የሚታይ ሽመል ሲታመም ይታያል፤ የተጎዳው ተነቅሎ በሌላ ይተካል።

አካሉን ሳይሸፍን የሚቆም ግንባታ በዘመናችንም አለ፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጉባ ላይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ዋናው አካል 145 ሜትር ከፍታ ያለው ኮንክሪት ነው። ዓባይን የሚያቆመው በገዛ ክብደቱ ነው፤ ያ ክብደት ደግሞ ሳይሸፈን ራቁቱን ይታያል። ማንም ውበት አነሰው አላለም።

የአሶሳ ከተማ አስተዳደር፣ የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ገንዘብ ያላችሁ ባለሀብቶች፦ ቀጥሎ የምትሠሩት አንድ አዳራሽ ወይም ቤተ መጻሕፍት በታከመ ሽመል ይሁን፤ ድንጋይ ላይ ይቁም፤ ጥልፉም በውጭ ይታይ። ሙያውን የሚያውቁት የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ጠርታችሁ አሠሯቸው፤ የሙያቸውንም ዋጋ ክፈሏቸው።