አምሳያ ፕሮሰሰሮችና የኦፐሬቲንግ ሲስተም ተስማሚነት፤ አጭር ታሪካዊ ምልከታ

በጉለሌ፣ በተለይም በሽሮ ሜዳና በአካባቢው፣ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ለብዙ ዐሥርታት ሲሸምኑ ኖረዋል። ሁለት ሸማኔዎች አንድ ዓይነት ድርና ማግ ተሰጥቷቸው ጥለቱ አንድ የሆነ ነጠላ ቢሠሩ፣ ገዢው የማን እጅ እንደሆነ ላይለይ ይችላል። ነገር ግን የአንደኛውን ሸማኔ የመወርወሪያ ምት እየቆጠረ ጊዜ የሚለካ ሰው ቢኖር፣ እጀ ፈጣን ሸማኔ በተተካ ጊዜ ስሌቱ ይፋለስበታል። ጥፋቱ ግን የሸማኔው አይደለም። የአምሳያ ፕሮሰሰሮች ታሪክም በአመዛኙ ይህንኑ ይመስላል።

ፕሮሰሰር ማለት በኮምፒዩተር ውስጥ ትእዛዝ የሚፈጽመው ክፍል ሲሆን፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ደግሞ መሣሪያውንና ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድረው መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። አይቢኤም የግል ኮምፒዩተሩን እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ ሲያቀርብ ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም 8088ን፣ ከኢንቴል፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከማይክሮሶፍት ወሰደ። ማይክሮሶፍት ሥራውን ለሌሎች አምራቾችም የመሸጥ መብቱን አስጠብቆ ነበር። አይቢኤም በአንድ አቅራቢ ብቻ መመካትን ስላልፈለገ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1982 ከኤኤምዲ ጋር የቴክኖሎጂ ልውውጥ ውል ተፈራረመ። እንግዲህ አምሳያው የተወለደው ብዙዎች እንደሚገምቱት በስርቆት ሳይሆን በውል ነበር። ጠቡ የመጣው ኢንቴል 386ን ላለማካፈል በወሰነ ጊዜ ነው። ከረጅም ክርክር በኋላ ኤኤምዲ የራሱን 386 እ.ኤ.አ. በ1991 አወጣ። ቁጥርን በንግድ ምልክትነት ማስከበር ያልቻለው ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣውን ፕሮሰሰር 586 በማለት ፋንታ ፔንቲየም አለው።

በዚያው ዘመን ፕሮሰሰሩ ማንነቱን ለሚጠይቀው ፕሮግራም በ12 የላቲን ፊደላት የሚመልስበት ትእዛዝ ተጨመረ። ኢንቴል «እውነተኛው ኢንቴል» የሚል ትርጉም ያለው መልስ ሲሰጥ፣ ሳይሪክስ የተባለው ተወዳዳሪ ደግሞ «በምትኩ ሳይሪክስ» ይል ነበር፤ ቀልድ አዋቂ መሐንዲስ ነበረው ማለት ነው። ይሁንና 6ኤክስ86 የተባለው የሳይሪክስ ፕሮሰሰር ይህ የመልስ ችሎታው ተዘግቶ ይመጣ ስለነበር አንዳንድ ፕሮግራሞች አሮጌ 486 ነው ብለው ገመቱት።

ከሁሉም ይበልጥ አስተማሪ የሆነው የዊንዶውስ 95 ጉዳይ ነው። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ1998 ኬ6-2 የተባለውን ፕሮሰሰር ሲያወጣ፣ 350 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ ፍጥነት ባላቸው ላይ ዊንዶውስ 95 ገና ሲነሣ በስሕተት መልእክት ይቆም ጀመር። ምክንያቱ እንዲህ ነበር፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የመሣሪያውን ፍጥነት ለመለካት አንድን የድግግሞሽ ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ያስፈጽምና የወሰደውን ጊዜ ይቆጥራል፤ በኋላም በተገኘው ጊዜ ያካፍላል። ኬ6-2 ያንን ትእዛዝ እጅግ ፈጥኖ ስለጨረሰው የተቆጠረው ጊዜ ዜሮ ሆነ። በዜሮ ማካፈል እንደማይቻል የአንደኛ ደረጃ ተማሪም ያውቀዋል። ማይክሮሶፍት ማስተካከያ አወጣ፤ በገበያው ዘንድ ግን «አምሳያ አይስማማም» የሚለው ሐሜት ቀረ። ቆይቶ የኢንቴል የራሱ ፔንቲየም 4 ከ2.1 ጊጋኸርዝ ባለፈ ጊዜ፣ የዊንዶውስ 95 እና የዊንዶውስ 98 የኔትወርክ ክፍል በተመሳሳይ የማካፈል ስሕተት ወደቀ። በግዥ ዝርዝር ላይ «የእከሌ ድርጅት ፕሮሰሰር ብቻ» ብሎ የሚጽፍ ባለሙያ ይህን ቢያውቅ፣ በዚያው በጀት ጥቂት ተጨማሪ ኮምፒዩተሮች ለክፍሉ ሊያስገኝ ይችል ነበር።

ፕሮሰሰሩና ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተስማምተውም ሥራው የማይቃናበት ጊዜ ነበር። በኢትዮጵያ ይህ የታየው በፊደል ነው። የቀድሞዎቹ ኮምፒዩተሮች ለፊደላት የነበራቸው 256 ቦታ ሲሆን፣ ከዚህም ከፊሉ አስቀድሞ በላቲን ፊደላት ተይዟል። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ የአማርኛ ፕሮግራም አዘጋጆች አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት፣ ሌሎቹ ቅጥያውን ከግንዱ እየለዩ ገጣጠሙት። እያንዳንዱም የራሱን ቁጥር ስለሰጠ፣ በአንዱ የተጻፈ የፈተና ወረቀት በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆን ነበር። መምህሩ ብዙውን ጊዜ የሚወቅሰው ኮምፒዩተሩን ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 እ.ኤ.አ. በ1999 የጋራ ቁጥር አገኘ፤ ዊንዶውስ ቪስታም እ.ኤ.አ. በ2007 ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ወጣ። ከዚያ በፊት በየፎንቱ የተጻፈው የመማሪያ ጽሑፍ ግን በቁጥር ለውጥ ወይም እንደገና በመተየብ ካልሆነ አይነበብም።

ዛሬ የመለያው መስመር በአምራቾች መካከል ሳይሆን በዘመን ላይ ተሰምሯል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11፣ ከ2017 በፊት የተሠሩትን የኢንቴልም የኤኤምዲም ፕሮሰሰሮች ከሚደግፋቸው ዝርዝር አስወጥቷል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በኦክቶበር 2025 አብቅቷል። ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ አልተበላሹም፤ ትእዛዝ መፈጸም ይችላሉ። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በ386 ኮምፒዩተሩ ላይ የጀመረው ሊኑክስም ቢሆን በ2012 የ386ን ድጋፍ ለመሰረዝ ወስኗል። ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸውን ባለ 64 ቢት ኮምፒዩተሮች ግን እስካሁን ያሠራል፤ አማርኛም በዩኒኮድ ይጻፍበታል።