የሕፃን ዕድሜ በምን ይለካል?

በእንግሊዝ አገር የጥጥ ፋብሪካዎች በተስፋፉበት ዘመን ከመፍተያው መኪና ሥር እየዳኸ ብናኙን የሚጠርግ፣ የተበጠሰውን ክር የሚቀጥል ትንሽ እጅ በብርቱ ይፈለግ ነበር። በ1802 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ሕግ በፋብሪካ ለማጅ የሆኑትን ሕፃናት የሥራ ቀን በ12 ሰዓት ቢወስንም፣ አፈጻጸሙን እንዲጎበኙ የታዘዙት ደመወዝ የሌላቸው ሰዎች ስለ ነበሩ ከወረቀት አላለፈም።

የ1833ቱ ሕግ ግን ከሐር ፋብሪካ በቀር ዕድሜው ከ9 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንዳይቀጠር ከለከለ፤ ባለ ደመወዝ የሆኑ 4 ተቆጣጣሪዎችንም አቆመ። ዋናው ችግር የተገለጠው ከዚህ በኋላ ነው። ሕጉ ዘጠኝ ዓመት ይበል እንጂ የልጁን ዕድሜ የሚያረጋግጥ የመንግሥት መዝገብ አልነበረም፤ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ1837 ነውና። ስለዚህም ሐኪም ልጁን አይቶ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አቅምና መልክ ያለው መሆኑን እንዲመሰክር ተደረገ። ወላጅ ደመወዙን፣ ባለ ፋብሪካው ጉልበቱን ይፈልጋሉ፤ ታዲያ የልጁን ዕድሜ ዝቅ አድርጎ የሚናገር ማን ይኖራል? ቁመት መለኪያ ይሁን የሚል አሳብም ቀረበ። ነገር ግን ልኬት የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚረዳው፣ በራብ የሚያጥር ነገር ለዕድሜ መስፈሪያ ሊሆን አይችልም። ኤድዊን ሳንደርስ የተባለ የጥርስ ሐኪም በ1837 ከ1,000 የሚበልጡ ሕፃናትን መርምሮ ጥርስ ከቁመት ይልቅ የታመነ ምስክር ነው ሲል ለፓርላማ በጽሑፍ አስረዳ። እንደ ገበያ በቅሎ ማለት ነው።

ጉዳዩ ከአንድ አገር ወሰን አልፎ በ1890 በበርሊን መንግሥታትን ቢያነጋግርም ምክር ብቻ ሆኖ ቀረ። በ1919 በዋሽንግተን የተሰበሰበው የዓለም የሥራ ድርጅት የመጀመሪያ ጉባኤ ግን፣ ለጃፓንና ለሕንድ የተለየ ድንጋጌ ቢያደርግም፣ በኢንዱስትሪ ለመቀጠር ዝቅተኛውን ዕድሜ 14 ዓመት አደረገ፤ አሠሪውም ከ16 ዓመት በታች የሆኑትን ሠራተኞች ከነልደት ቀናቸው በመዝገብ እንዲጽፍ አዘዘ። ይህች አጭር አንቀጽ የምትናቅ አይደለችም፤ ተቆጣጣሪው ገልጦ የሚያየው ነገር ያገኘው በእርስዋ ነው።

ኢትዮጵያ የድርጅቱ አባል የሆነችው በ1923 ነው። በ1973 በወጣው ስምምነት መነሻው ዕድሜ 15 ሆነ። በ1989 የሕፃናት መብት ስምምነት ሕፃን እንደ ተወለደ እንዲመዘገብ ግዴታ አደረገ። አስከፊ የሕፃናት ሥራን የሚከለክለውን የ1999ኙን ስምምነት ኢትዮጵያ በ2003 ስታጸድቅ፣ በ2020 ደግሞ 187ቱም የድርጅቱ አባል አገሮች አጽድቀውት ተገኙ። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሕግ የወጣው በ2012፣ ሥራው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2016 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በክርስትና የምስክር ወረቀት፣ በትምህርት ቤት መዝገብ ወይም በእናቱ ቃል ነው። እነዚህ ሲጠፉ ልጁ ወደ ሐኪም ይላካል፤ ሐኪሙም የእጁን አጥንት በራጅ፣ ቀጥሎም ጥርሱን ያያል።