ለጥቂት የሳተ ዕጣ፦ የባህሪ ሱስ ጥናት ከቁማርተኛው ወደ ማሽኑ

ዶክተር ሮበርት ከስተር በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ብሬክስቪል በሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የመጠጥ ሱሰኞችን የሚያክሙ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበሩ። በ1970ዎቹ መግቢያ ቁማር ለማቆም የሚታገሉ ሰዎች የመሠረቱት የመረዳጃ ማኅበር አባላት እርዳታ ፍለጋ ወደ እሳቸው መጡ። ለጠጪው አልጋ ነበር፤ ደመወዙንና ቤቱን በካርታና በፈረስ ውርርድ ለጨረሰው ግን አልነበረም። ከስተር በ1972 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለቁማርተኞች ብቻ የተዘጋጀ የመጀመሪያውን የተኝቶ ሕክምና መርሐ ግብር ከፈቱ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 ሦስተኛውን የምርመራ መመሪያ ሲያወጣም ቁማር የበሽታነት ማዕረግ አገኘ።

ማዕረጉ ግን ከሱሶች ተርታ አላሰለፈውም። የተመደበው ከመስረቅ አባዜና እሳት ከመለኮስ አባዜ ጋር፣ ግፊትን መቆጣጠር ከሚያቅታቸው ሕመሞች ጎራ ነው። በዘመኑ አስተሳሰብ ሱስ ማለት የሚጠጣ፣ የሚጨስ ወይም በመርፌ የሚወሰድ ነገር ያለበት ብቻ ነበርና። ቁማር ከአልኮልና ከኮኬይን ጋር በአንድ ምዕራፍ እስኪቀመጥ 33 ዓመት ወስዷል፤ በ2013 የወጣው አምስተኛው መመሪያ ነው ያስገባው።

በመካከሉ ምን ተለወጠ? ከማስረጃዎቹ አንዱ የመጣው ማንም ባልጠበቀው በኩል ነው። በ2005 የሜዮ ክሊኒክ ሐኪሞች 11 የፓርኪንሰን ሕሙማንን ታሪክ አሳተሙ። ሁሉም እጅ መንቀጥቀጥንና የሰውነት መገታተርን ለማስታገስ ዶፓሚን የተባለውን የአእምሮ ንጥረ ነገር ሥራ የሚተካ መድኃኒት ይወስዱ ነበር፤ ዘጠኙ ፕራሚፔክሶል የተባለውን። ሁሉም ከቁጥጥር ውጭ የሆነ ቁማር ውስጥ ገቡ፤ አብዛኞቹም መድኃኒቱን በጀመሩ ወይም መጠኑን በጨመሩ በጥቂት ወራት ውስጥ። ክትትል በተደረገላቸው ዘንድ ኪኒኑ ሲቀነስ ወይም ሲቋረጥ ቁማሩም ቆመ። ቁማርን የስንፍናና የምግባር ብልሹነት ውጤት ብቻ አድርጎ ለሚያይ ሰው ይህ የማይዋጥ ማስረጃ ነው። በኪኒን የሚመጣና ኪኒኑ ሲቀር የሚሄድ ስንፍና የለም።

ዶፓሚን በተለምዶ «የደስታ ንጥረ ነገር» እየተባለ ይጠራል። አባባሉ ይጣፍጣል እንጂ ትክክል አይደለም። ቮልፍራም ሹልትዝና ባልደረቦቻቸው በዝንጀሮዎች ላይ ያደረጉት፣ በ1997 የተጠቃለለው ሥራ እንዳሳየው የዶፓሚን ሕዋሳት ይበልጥ የሚነቁት ያልተጠበቀ ሽልማት፣ ለምሳሌ የጭማቂ ጠብታ፣ ሲመጣ ነው። እንስሳው ጭማቂው መቼ እንደሚመጣ አንዴ ከለመደ በኋላ ጭማቂው ራሱ ሕዋሳቱን አያነቃም። የተጠበቀው ሲቀር ደግሞ እንቅስቃሴያቸው ከወትሮው ይቀንሳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስኪነርም በ1950ዎቹ ከርግቦች ጋር ሲሠሩ ተመሳሳይ ነገር ከውጭ አይተው ነበር፤ ጥሬው መቼ እንደሚወድቅ የማታውቅ ርግብ ቁልፉን ሳትታክት ትወቅጣለች። ቁማር እንግዲህ ይህን ያልተጠበቀ ነገር እየቆረሰ የሚሸጥ ንግድ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተጠናው የሰውየው አእምሮ ነው። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ሌላው ወገን፣ ማሽኑ ነው።

የድሮው ስሎት ማሽን (ተመሳሳይ ሥዕሎች በአንድ መስመር ሲገጥሙ የሚከፍለው የቁማር ማሽን) በእውነተኛ መንኮራኩሮች ይሠራ ስለነበር በአንዱ መንኮራኩር ላይ ሊለጠፍ የሚችለው ሥዕል ውስን ነበር። ኢንጌ ቴልኔስ የተባሉ የኖርዌይ ተወላጅ የሒሳብ ሰው በ1984 ፈቃድ ባገኙበት የፈጠራ ሥራ ዕጣውን ከመንኮራኩሩ ለይተው ለኮምፒውተር ሰጡት። ኮምፒውተሩ ከረጅም የቁጥር ዝርዝር አንዱን ይመርጣል፤ መንኮራኩሩ የታዘዘበት ላይ ይቆማል። ዋናው ሽልማት ከቁጥሮቹ አንዱን ብቻ ሲያገኝ፣ ከሽልማቱ ሥዕል በላይና በታች ያሉት ባዶ ቦታዎች ብዙ ቁጥር ሊሰጣቸው ይችላል። ተጫዋቹ ታዲያ ሽልማቱን ከክፍያ መስመሩ አንድ ጣት ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ደጋግሞ ያየዋል። «ለጥቂት ሳተኝ» ይላል። አልሳተውም፤ መጀመሪያውኑ ወደ እሱ አልመጣም። የኔቫዳ ተቆጣጣሪዎች በ1989 አንድ የጃፓን ኩባንያ በክፍያ መስመሩ ላይ እንዲህ ዓይነት «ለጥቂት» እየፈበረከ ነው ብለው አገዱት። ከመስመሩ በላይና በታች የሚታየውን ግን ዝም አሉት። የልዩነቱ ፍትሕ ለብዙ ተመራማሪዎች ዛሬም አልተገለጠላቸውም።

በካምብሪጅ ሉክ ክላርክና ባልደረቦቻቸው በ2009 ሰዎችን በአእምሮ መቃኛ ውስጥ አስተኝተው ይህንኑ ጨዋታ አጫወቱ። ለጥቂት የሳተ ዕጣ፣ ገንዘብ ሳያስገኝ፣ ትክክለኛ ማሸነፍ የሚያነቃቸውን የአእምሮ ክፍሎች ከፊሉን አነቃ። ተጫዋቾቹ ስሜቱ አይጥምም አሉ፤ ሆኖም የመጫወት ፍላጎታቸው ጨመረ። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2010 ሌላ ዘዴ አሳዩ። አንድ ሰው 20 መስመር ላይ በመስመር አንድ ሳንቲም፣ በድምሩ 20 ሳንቲም ያስይዛል እንበል። ማሽኑ አምስት ሳንቲም ይመልስለትና መብራቱን ቦግ ያደርጋል፤ ሙዚቃው ይንቆረቆራል። ሰውየው 15 ሳንቲም ተበልቷል፤ ከእጁ ቆዳ ላይ የሚለካው የስሜት መነቃቃት ግን ያሸነፈን ሰው ይመስላል።

የቪዲዮ ጌም ጉዳይ ደግሞ ከቁማሩም ይበልጥ ይወሳሰባል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2019 ያጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች ዝርዝር የጌም ሱስን ከቁማር ጋር አስፍሯል። መለኪያዎቹ ሦስት ናቸው፦ መቆጣጠር አለመቻል፣ ጌሙ ከሌላው ሕይወት ሁሉ መቅደሙ፣ ጉዳት እየደረሰም መቀጠል፤ ያውም በተለምዶ ለ12 ወራት። የሰዓት ብዛት ከመለኪያዎቹ አንዱ አይደለም፤ ልጁ ስልክ ላይ ተጣደ ብሎ ለሚጨነቅ ወላጅ ይህ መታወቅ አለበት። በርካታ ምሁራን ግን ውሳኔውን ቸኩሏል ብለው ተቃውመዋል። አንድሩ ፕሽቢልስኪና ባልደረቦቻቸው በአራት አገሮች አካሂደው በ2017 ባሳተሙት ሰፊ ጥናት በአሜሪካው መመሪያ መለኪያ ሊያዝ የሚችለው ከአጠቃላዩ ሕዝብ ከመቶ አንድ ግድም ወይም ከዚያ በታች ነበር። ሌሎችም የአርጀንቲና ታንጎ ጭፈራ «ሱስ» መጠናቱን እየጠቀሱ፣ በዚህ አያያዝ ሱስ ያልሆነ መውደድ አይተርፍም ብለዋል። ስጋታቸው ተገቢ ነው። ግን ጌሙም ባለበት አልቆመም፤ በውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ ሣጥን በገንዘብ የሚያስከፍት ጌም ከቴልኔስ ማሽን ምን ያህል ይርቃል? ቤልጂየም በ2018 ይህን ሣጥን ቁማር ነው ብላለች።

ደቡብ ኮሪያ ሰዓቱን ለመዝጋት ሞከረች። ከ2011 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በኢንተርኔት ጌም እንዳይጫወቱ ከለከለች፤ አሥር ዓመት ቆይታ ሕጉን ሻረች። ኖርዌይ ግን ማሽኑን ነካች። በጁላይ 2007 ስሎት ማሽኖችን ከየሱቁና ከየካፌው ጠራርጋ አነሳች፤ ለእርዳታ መስመሩ የሚደወለው ስልክም ቀነሰ። በኋላ የተተኩት ማሽኖች የብር ኖት አይቀበሉም፤ በተጫዋቹ ስም የወጣ ካርድ ይጠይቃሉ፤ የኪሳራ ጣሪያ አላቸው።

የአዲስ አበባ ወጣት የሚያውቀው ቁማር ስሎት ሳይሆን የስፖርት ውርርድ ነው። ቤቲንግ ቤት ገብቶ ወይም በስልኩ የአሥር ግጥሚያ ቲኬት ይቆርጣል፤ ዘጠኙን ይመታል፤ በ90ኛው ደቂቃ በገባች ጎል ይበላል። «በአንድ ጨዋታ!» እያለ ቲኬቱን ለጓደኞቹ ያሳያል። አሥር ግጥሚያን በአንድ ቲኬት ማሰር የአሸናፊነትን ዕድል እያመነመነ ለጥቂት የመሳትን ዕድል ያበዛል፤ ክላርክ በላቦራቶሪ የለኩት ስሜት እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመረት ይውላል። ክርክራችን ግን በአብዛኛው በወጣቱ ጠባይና በቤቶቹ መዘጋት ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ቤቱ ሲዘጋ ስልኩ አይዘጋም። ማን ስንት ጊዜ፣ በስንት ሰዓት፣ ከተበላ በኋላ በስንት ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ እንዳስያዘ የሚናገረው መረጃ ያለው በአወራራጅ ኩባንያዎች ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ፈቃድ ሰጪው አካል ስም ሳይጠቀስ ይህን መረጃ ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መስጠትን የፈቃድ ግዴታ ቢያደርገው፣ የትኛው ቲኬትና የትኛው የማስያዣ ፍጥነት ሰዎችን እንደሚጎዳ በግምት ሳይሆን በቁጥር ማየት ይቻል ነበር።