ፊደልና ተረት፤ የሥዕል መጻሕፍት በአንደኛ ደረጃ የቋንቋ ትምህርት ያላቸው ታሪካዊ ቦታ ከአቃቂ ቃሊቲ አንጻር

መግቢያ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘው አቃቂ ቃሊቲ ለአንደኛ ደረጃ የቋንቋ ትምህርት ጥናት ጥሩ ምሳሌ የሚሆን አካባቢ ነው። አቃቂ ቀድሞ ከዋናው ከተማ ውጪ የነበረች የኦሮሞ ገበሬዎች ምድር ነበረች። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂ የመሥመሩ ጣቢያ ሆነች፤ በ1927 ዓ.ም. የሬዲዮ ጣቢያ ተመረቀባት፤ ከዚያም የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ተከታትለው ተቋቋሙባት። ፋብሪካዎቹ ከልዩ ልዩ የሀገሪቱ ክፍሎች ሠራተኛ በመሳባቸው፣ በአንድ የአንደኛ ክፍል መቀመጫ ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሕፃናት በእናታቸው ጉልበት ሥር የሰሙት ተረት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በጉራጌኛ ወይም በወላይትኛ የተነገረ ሊሆን ይችላል።

እነዚህ ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ተረት ያውቃሉ፤ እንቆቅልሽ ይጠያየቃሉ፤ የጀመሩትን ወሬ በቅደም ተከተል ይጨርሳሉ። ሆኖም ትምህርት ቤቱ በመጀመሪያ የሚሰጣቸው ተረት ሳይሆን ፊደል ነው። የፊደልና የተረት መለያየት ከየት እንደ መጣ፣ ሁለቱን ለማገናኘት ምን ዓይነት ጥረት እንደ ተደረገ፣ የሥዕል መጽሐፍም በዚህ ጥረት ውስጥ ምን ቦታ እንዳለው መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

1. ድምፅ ቀድሞ፣ ትርጉም ዘግይቶ

እንደሚታወቀው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሕፃኑ በፊደል ገበታ ላይ «ሀ ሁ»ን ይቆጥራል፤ ቀጥሎም አቡጊዳን ያጠናል። ከዚያ በኋላ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ወደ ወንጌልና በመጨረሻም ወደ ዳዊት ይሻገራል። ንባቡም በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ደረጃ በደረጃ ይቃናል። ይህ ሥርዓት የራሱ የሆነ ጽኑ አመክንዮ ነበረው። ጽሑፉ ግዕዝ በመሆኑ ሕፃኑ የሚያነበውን እንዲረዳ በዚያ ዕድሜው አይጠበቅም ነበር፤ ትርጉም ከብዙ ዓመት በኋላ በትርጓሜ ቤት የሚገኝ ከፍተኛ ትምህርት ነው። ስለዚህ ድምፅ ይቀድማል፤ ትርጉም ይከተላል።

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ዘመናዊ ትምህርት ሲስፋፋ፣ የንባብ ማስተማሪያው ቋንቋ ቀስ በቀስ ከግዕዝ ወደ አማርኛ ተለወጠ። ዘዴው ግን ከቋንቋው ጋር እኩል አልተለወጠም። ልጁ ራሱ በሚናገረው ቋንቋ የተጻፈውን ቃል እንኳ መጀመሪያ በድምፅ እንዲያሰማ እንጂ ምን እንደሚል እንዲያስብ አልተጠየቀም። ለግዕዝ ተገቢ የነበረው ቅደም ተከተል ለአማርኛ ሲውል ምክንያቱን አጣ። መምህሩ የሚያነበውን ዐረፍተ ነገር ክፍሉ በኅብረት ተቀብሎ የሚደግምበት ልማድ የዚህ ውርስ አንዱ ገጽ ነው። ልጁ ገጹን በቃሉ ይዞ ጣቱን በመሥመሩ ላይ እያሳለፈ «ያነባል»፤ መጽሐፉ ሲገለበጥበት ግን አንዲት ቃል መለየት ሊሳነው ይችላል።

በአንጻሩ ተረት ከትምህርት ቤት ውጪ፣ በማታ፣ በምድጃ ዳር ቀረ። አያት ትተርታለች፤ ሕፃናት ይቀበላሉ፤ ፍርዱንና ምክሩን ያወጣሉ። የማዳመጥ፣ የመናገርና የማሰላሰል ክሂል የሚዳብረው በዚያ ነበር። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች፣ የፊደሉና የምድጃው፣ ለረጅም ዘመን በየፊናቸው ሠሩ።

2. ሥዕልና ጽሑፍ በአንድ ገጽ

ሥዕልን ከጽሑፍ ጋር አዛምዶ ታሪክ መንገር ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕል ማንበብ ለማይችለው ምእመን ታሪኩን በቅደም ተከተል ያስረዳል። የተአምረ ማርያም የብራና መጻሕፍትም ተአምሩን በሥዕል እየከፋፈሉ፣ በሥዕሉ ላይ የሚታየው ማን እንደ ሆነ በአጭር ጽሑፍ ያመለክታሉ። በሃያኛው ምዕተ ዓመት በሸራ ላይ በብዛት የተሣለው የንግሥተ ሳባ ታሪክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ44 ክፍሎች ተከፍሎ፣ ከዘንዶው ዘመን እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ድረስ ያለውን ትረካ ከየሥዕሉ ጋር በተጻፈ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ይተርካል። ተመልካቹ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ሲሄድ ልክ እንደ አንባቢ ነው።

በአውሮፓ ሥዕልን ለሕፃናት የቋንቋ ትምህርት በማዋል ስሙ የሚጠቀሰው የሞራቪያው መምህር ዮሐንስ አሞስ ኮሜንዮስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1658 በኑረምበርግ ከተማ ያሳተመው መጽሐፉ ላቲንና ጀርመንኛን ከሥዕል ጋር አያይዞ ያስተማረ ሲሆን፣ ቃል ከነገሩ ተለይቶ መማር የለበትም የሚለውን መሠረታዊ ሐሳብ በሥራ አሳየ። የኢትዮጵያ ሠዓሊም ተመሳሳይ ኃይል በእጁ ነበረው፤ ያ ኃይል ግን በሕፃናት የንባብ መጽሐፍ ላይ እንዲውል ረጅም ዘመን አልተጠየቀም።

3. ተረት ወደ ንባብ መጽሐፍ ሲገባ

ተረት ወደ ንባብ መማሪያ የገባበት ቀደምት ምሳሌ በአማርኛ ሳይሆን በኦሮምኛ የተዘጋጀ መሆኑ ለአቃቂ ታሪክ ልዩ ትርጉም አለው። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ እ.ኤ.አ. በ1894 በምጽዋ አጠገብ በሞንኩሎ ያሳተሙት «ጀልቀበ በርሲሳ» የተሰኘው የመጀመሪያ ንባብ መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ሲሆን፣ አስቴር ያሰባሰበቻቸውን የቃል ተረቶችና ሌሎች ሥነ ቃሎች ይዟል። ሕፃን በሚያውቀው ተረት ማንበብን ይማር የሚለው ሐሳብ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በግልጽ ይታያል።

በአማርኛም ከበደ ሚካኤል በ1930ዎቹ ዓ.ም. ያቀረቡት «ታሪክና ምሳሌ» ምሳሌያዊ ታሪኮችን በግጥም አዘጋጅቶ ወደ ትምህርት ቤት አስገባ፤ ለብዙ ትውልድም የንባብና የቃል ጥናት መጽሐፍ ሆነ። በ1956 ዓ.ም. አማርኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት አስፈላጊነት እጅግ ጨመረ። ይሁን እንጂ በመማሪያ መጻሕፍቱ ውስጥ ሥዕል የጽሑፉ ጌጥ ወይም የአንድ ቃል መግለጫ ከመሆን አልፎ ትረካውን የሚሸከም ክፍል ሲሆን እምብዛም አልታየም።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአምስት ቋንቋዎች ተነሥቶ ወደ 15 ቋንቋዎች በማደግ ሚሊዮኖችን ከፊደል ጋር አስተዋወቀ። ዘመቻው ከትምህርት ውጪ የነበሩትን ለማንቃት የተነደፈ በመሆኑ የማንበቢያ ጽሑፎቹ በእርሻ፣ በጤናና በአደረጃጀት ላይ ያተኮሩ ነበሩ፤ የሕፃናት የምናብ መጽሐፍ ቀዳሚ ጉዳዩ አልነበረም። በዚሁ ዘመን ሁሉ ተረት ሌላ ቤት አግኝቶ ነበር። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ተስፋዬ ሳህሉ፣ በሕዝብ አጠራር አባባ ተስፋዬ፣ ለአራት ዐሥርት ዓመታት ያህል በሕፃናት ክፍለ ጊዜ ተረት ሲነግሩ ቆይተዋል። ተረት ከምድጃ ወደ መስኮቱ ተሻገረ፤ በልጁ እጅ ላይ ያለ ገጽ ግን ገና አልሆነም።

4. የሥዕል መጽሐፍ መምጣት

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በመወሰኑ ለሕፃናት መጻሕፍት አዲስ መንገድ ከፈተ። በዚህ ዘመን ጎልተው ከታዩት ሥራዎች አንዱ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝኛና በአማርኛ ጎን ለጎን ያሳተሙት የማሞ ቂሎ ተረት ነው። ሥዕሎቹ የሠዓሊ ቦጋለ በላቸው ናቸው። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ኢትዮጵያ ሪድስ በተባለው ድርጅት አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት እንዲከፈት አድርገዋል። በሐዋሳም በአህያ ጋሪ የሚንቀሳቀስ ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የሕፃናት የቴሌቪዥን ዝግጅት በአሻንጉሊት ገጸ ባሕርያት አማካይነት ፊደልንና ታሪክን አዋሕዶ ማቅረብ ጀመረ።

ይህ ሁሉ ለምን እንዳስፈለገ በቁጥር የገለጸው እ.ኤ.አ. በ2010 በስምንት ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች ከ13 ሺህ በሚበልጡ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተካሄደው የንባብ ምዘና ነው። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ፊደል የቆጠሩ ሕፃናት ነበሩ። ውጤቱን ተከትሎ በሰባት የሀገር ውስጥ ቋንቋዎች ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አዳዲስ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጁ። ሆኖም መማሪያ መጽሐፍ ብቻውን አንባቢ አያፈራም፤ ልጁ ወዶ የሚገልጠው ሌላ መጽሐፍ ያስፈልገዋል።

5. የሥዕል መጽሐፍ በክፍል ውስጥ

የሥዕል መጽሐፍ ለአማርኛ ንባብ የሚሰጠው ጥቅም ከቋንቋው ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። አማርኛ 33 ፊደላትን በሰባት ቤት ስለሚያረባ ሕፃኑ 231 ምልክቶችን መለየት ይኖርበታል። ከዚህም በላይ ጽሕፈቱ መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ዋና» ሲላላ በውኃ ውስጥ መንቀሳቀስን፣ ሲጠብቅ አለቃን ወይም ቀዳሚውን ነገር ያመለክታል። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ጊዜን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ይገልጻል። «አለ»ም ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። አዋቂ አንባቢ ይህን የሚለየው ከዐውዱ ነው። ሕፃን ግን ገና በፊደል ላይ እየታገለ ዐውድን ከየት ያመጣል? በገጹ ላይ ወንዝ ውስጥ ያለ ልጅ ቢሣል «ዋና» የትኛው እንደ ሆነ ከአንደበቱ በፊት ዓይኑ ይነግረዋል። ሥዕሉ እዚህ ላይ ጽሕፈቱ የተወውን ይሞላል።

የማሞ ቂሎን ተረት ለአብነት ማየት ይቻላል። ማሞ እናቱ ትናንት ስለ አንድ ነገር የመከረችውን ምክር ዛሬ በሌላ ነገር ላይ ይፈጽማል። በእንግሊዝም የሰነፉ ጃክ ተረት ተመሳሳይ አካሄድ አለው። ስሕተቱ በየገጹ እየተደጋገመ ስለሚሄድ፣ መምህሩ ገጹን ከመግለጡ በፊት «አሁንስ ምን ያደርግ ይመስላችኋል?» ብሎ ቢጠይቅ ሕፃናቱ ይገምታሉ፤ ሲገለጥም ግምታቸውን ከሥዕሉ፣ ከዚያም ከጽሑፉ ጋር ያስተያያሉ። «እንዲህ ማድረግ ነበረብህ» የሚለው ዓይነት የተግሣጽ አነጋገርም በዚህ ተረት አማካይነት ያለ ሰዋስው ሕግ ሊለመድ ይችላል። ከሁሉ በላይ ልጁ ይስቃል። የሚስቅ ልጅ ያነበበውን የተረዳ ልጅ ነው።

በአቃቂ ቃሊቲ ደግሞ ሌላ ጥቅም ይታከላል። ዛሬ አማርኛ በግዕዝ ፊደል፣ አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ በአዲስ አበባም በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። ሥዕል ከሁለቱም ፊደላት በፊት የሚገኝ የጋራ ገጽ ነው። አማርኛው የሚከብደው ልጅ በሥዕሉ ላይ ያየውን መጀመሪያ በቤቱ ቋንቋ ቢናገር፣ ያላወቀው ቃሉን እንጂ ታሪኩን አለመሆኑ ለመምህሩም ለራሱም ይገለጣል። ዝምታው እንደ ድንቁርና አይቆጠርበትም።

ለአፈጻጸሙ የሚከተሉት ነጥቦች ሊጤኑ ይገባል፦

ሀ) መጽሐፉ በመጀመሪያ በሥዕሉ ብቻ ይታይ፤ ሕፃናቱ ታሪኩን በራሳቸው አፍ ይናገሩ። ከዚያ መምህሩ ያንብብላቸው፤ በመጨረሻም እነሱ ያንብቡ።

ለ) የፊደል ልምምድ አይቀር፤ ነገር ግን የሚጠኑት ፊደላት ከተነበበው ታሪክ ቃላት ይውጡ።

ሐ) እጩ መምህራን ከአካባቢ ሽማግሌዎችና እናቶች ተረት ሰብስበው፣ ሕፃናት ሥዕሉን እንዲሥሉ አድርገው፣ በወረቀትና በክር የተጠረዘ የክፍል መጽሐፍ ማዘጋጀትን ይሠልጥኑ። የታተመ መጽሐፍ ባነሰበት ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

መ) መጽሐፍ በንብረት መዝገብ የሰፈረ ዕቃ እንደ መሆኑ ቢጠፋ ያስጠይቃል በሚል ሥጋት በቁም ሣጥን ተቆልፎ እንዳይቀመጥ፣ በማንበብ ብዛት ያረጀ መጽሐፍ ከንብረት ዝርዝር በቀላሉ የሚሰረዝበት ደንብ ይኑር። ያልተቀደደ የሕፃናት መጽሐፍ ያልተነበበ መጽሐፍ መሆኑን የሚመለከታቸው ሁሉ ሊገነዘቡት ይገባል።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከተው ፊደልና ተረት በሀገራችን የተለያዩት አንዱ ከሌላው ስለማይስማማ ሳይሆን፣ የንባብ ትምህርት ለሌላ ቋንቋና ለሌላ ዓላማ በተቀየሰበት ዘመን የተሠራ ቅደም ተከተል ሳይመረመር ስለቀጠለ ነው። እነ አስቴር ጋኖ በሞንኩሎ የጀመሩት፣ የንግሥተ ሳባ ሠዓልያን በሸራ ላይ ያሳዩት፣ አባባ ተስፋዬም በቃል ያቆዩት ሀብት በአንድ ገጽ ላይ ሊገናኝ የሚችለው በሥዕል መጽሐፍ ነው። ስለዚህ የሥዕል መጽሐፍ ትርፍ ጊዜ ሲገኝ የሚታይ መዝናኛ ሳይሆን የመጀመሪያው ሳይክል የቋንቋ መርሐ ትምህርት አካል ሊሆን ይገባል። በአቃቂ ፋብሪካ ሠራተኛ የሆነ አባትና እናት ልጃቸውን ወደ ትምህርት ቤት የሚልኩት ፊደል እንዲቆጥር ብቻ ሳይሆን የተጻፈውን እንዲረዳ ነው፤ አደራውም የሚለካው በዚሁ ነው።