ባሕር ሸሽ መሬትና የሐይቁ ወለል መለኪያ

ከአንበሳሜና ከወረታ በስተምዕራብ ባለው የጣና ዳርቻ፣ ሐይቁ ሲጎድል የሚገለጠው መሬት ‹‹ባሕር ሸሽ›› ይባላል። በ1995 ዓ.ም. ውኃው እጅግ ወርዶ የመርከብ ጉዞ ሲስተጓጎል፣ ገበሬው የተገለጠውን የሐይቅ ወለል አርሶ ዘርቶበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ጎርፍ የፎገራን ሜዳ ዋጠው። ታዲያ ሐይቁ የሚያልቀውና ማሳው የሚጀምረው የት ላይ ነው? እኔ የሕግ ሰው እንደመሆኔ ይህን ያለ ልኬት መዳኘት አይቻልም ባይ ነኝ።

የጣና ከፍታ በባሕር ዳር መመዝገብ ከጀመረ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። በ1988 ዓ.ም. የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁን ከፍታ የሚወስነው ዝናብ ብቻ ሳይሆን በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ጭምር ነው። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮም የጣና በለስ ዋሻ ውኃ ይወስዳል። ማሳው የተዋጠበት ገበሬ ‹‹ጥፋቱ የዝናቡ ነው ወይስ የበሩ?›› ብሎ ቢጠይቅ፣ ጉማራና ርብ በአንድ ሌሊት ያስገቡት ውኃና ደለል ጭምር መታወቅ አለበት።

ባሕር ያላቸው አገሮች ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ የሚጠቀሙበት መሣሪያ በገመድ የተያያዘ የባሕር ወለል ጣቢያ ነው። ከየብስ የተዘረጋ አንድ ገመድ ኤሌክትሪክ ወደ ወለሉ ያወርዳል፤ በውስጡ ያለው ፋይበር ደግሞ የውኃውን ግፊት፣ ሙቀት፣ ሞገድና ድፍርስነት ቀን ከሌት ወደ የብስ ይመልሳል። ባትሪ አያልቅም፤ መረጃ ለመሰብሰብ ጀልባ አይጠበቅም።

ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ያስጀመረችው ኔፕቱን ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ገመድ አለው፤ እሱ የእኛ አቅም አይደለም። የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 በኒው ጀርሲ ዳርቻ የተከለው ሊዮ-15 ግን ስሙን ያገኘው ካረፈበት 15 ሜትር ጥልቀት ነው። የጣና ጥልቅ ቦታ 14 ሜትር ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል።

በ2004 ዓ.ም. የታየው እንቦጭ ውኃው ላይ የሚንሳፈፍ መለኪያን ያንቃል፤ ወለል ላይ ለተቀበረ ገመድ ግን አያሰጋም። የሚያሰጋው የዓሣ መረብና ደለል ነው። በየጊዜው ጠልቆ መሣሪያውን የሚያጸዳ ሰው ያስፈልጋል፤ የዕቃ ግዢን እንጂ የጥገና በጀትን ለማይወደው ቢሯችን ዋናው ፈተና ይሄ ይመስለኛል።

የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውኃ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ጣቢያው ጉማራ አፍ ላይ ቢተከል፣ ንባቡ በመሥሪያ ቤት ቋት ተቆልፎ እንዳይቀር ደንብ ሊወጣለት ይገባል። የደራ ወረዳ ፍርድ ቤትም ሆነ ባለማሳው በዕለቱ ሊያገኙት ይገባል።