ሰዓት ያልተያዘለት ዳገት

እሑድ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል። አራት ኪሎ፣ ከድል ሐውልቱ ሥር ዐሥራ ሰባት ሰዎች ቆመን እጃችንን እናፍተለትላለን። ከመካከላችን አንዲት ነርስ አለች፤ የባንክ ሠራተኛ አለ፤ ሁለት የታክሲ ሾፌሮች አሉ። በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡን ጡረተኛው ወታደር፣ «ጋሼ» የምንላቸው፣ ባንገታቸው ያንጠለጠሉትን ሰዓት እያዩ ያረፈደውን ይቆጥራሉ። ማኅበራችን ስም የለውም፤ ማኅተምም ሊቀ መንበርም የለውም። ያለው እሑድ ብቻ ነው። የዛሬው እሑድ ግን ከሌላው ይለያል። ወራት ሙሉ የተዘጋጀንበትን ግማሽ ማራቶን፣ ከአራት ኪሎ ተነሥተን እንጦጦ ማርያምን አልፈን፣ ተራራው አናት ላይ ጥቂት ሄደን በመጣንበት የምንመለስበትን 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ልንሮጥ ነው።

ይህ «ከ97 ሜትር ተኩል» የሚሉት ነገር የቤተ መንግሥት ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በሎንዶን ኦሊምፒክ ማራቶኑ ከዊንድዘር ቤተ መንግሥት ተነሥቶ ስታዲየሙ ውስጥ ከንጉሣውያን ቤተ ሰብ መቀመጫ ፊት ለፊት እንዲያበቃ ሲደረግ ርቀቱ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1921 ደግሞ ያው ርቀት ለዓለም ሁሉ ደንብ ሆኖ ጸና። የእኛ ሩጫ የዚያ ግማሽ ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ ወንበር የት ተቀምጦ እንደነበር የኔን ሳንባ የሚያገባው አይመስለኝም ነበር፤ ገብቶበታል።

ጋሼ «በሉ፣ በእግዚአብሔር ስም» አሉና ሰዓታቸውን ተጫኑት። ምክራቸው አንድ ነው፤ እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ እያወራችሁ ሩጡ፣ ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። የታክሲ ሾፌሮቹ ይህን ትእዛዝ ያለ ችግር ይፈጽሙታል። እኔ ዝም ብዬ መሮጥ ስለምወድ ኋላ ኋላ ቀረሁ።

ስድስት ኪሎ ስንደርስ ገና ጎሕ አልቀደደም። የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ጨለማው ውስጥ ቆሞ ይታያል፤ ባሻገሩ የዩኒቨርሲቲው በር። በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው በዚያ ግቢ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ በከተማው ሕዝብ ላይ የወረደውን ሐውልቱ ይናገራል። ግቢው ያን ጊዜ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይባል ነበር። የሩጫን ነገር ለሚያስብ ሰው ደግሞ ሌላም ታሪክ አለው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ እዚህ ሰው ለእንቁጣጣሽ ዶሮውን ሲያሰናዳ፣ ሮም ላይ አንድ የክቡር ዘበኛ ወታደር በባዶ እግሩ ይሮጥ ነበር። ሩጫው ወደ ማታ ስለተጀመረ የጣሊያን ወታደሮች በየመንገዱ ዳር ችቦ ይዘው ቆመዋል፤ በዓመቱ ዋዜማ ችቦ ለሚያበራ አገር ልጅ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም። አበበ ቢቂላ በፋሺስቶች ተዘርፎ የሄደው የአክሱም ሐውልት ከቆመበት አካባቢ ሲደርስ አብሮት የነበረውን ሞሮኳዊ፣ ራህዲ ቤን አብደሰላምን፣ ጥሎት ሄደ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ከኮንስታንቲን ቅስት ሥር ገባ። ይህን የማያውቅ የለም። ብዙ ጊዜ የማይነሣው ተከታዩ ነው። ሦስት ወር ብቻ ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ምሽት፣ የዚያው የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከገርማሜ ጋር መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። ነገሩ ሲከሽፍ ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች የተረሸኑት እዚሁ ገነተ ልዑል ውስጥ ነው። ጄኔራሉ በመጋቢት ተሰቀሉ። አበበም እንደ ጓዶቹ ተይዞ ከተጠየቀ በኋላ እጁ እንደሌለበት ታውቆ ተለቀቀ። በዓመቱ ግቢው ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ይህን ሁሉ ማንሣቴ የአበበን ድል በደም ለመንከር አይደለም። ሯጩ ከየት እንደመጣ ለማስታወስ ነው። አበበ ሯጭ ከመሆኑ በፊት ደመወዝተኛ ነበር። ባዕዳን ሲጽፉት፣ እኛም ተቀብለን ስንደግመው የኖርነው ተረት አለ፤ ኢትዮጵያዊ የሚሮጠው አየሩ ስስ፣ ትምህርት ቤቱም ሩቅ ስለሆነ ነው የሚል። ማሞ ወልዴ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,240 ሜትር ከፍታ፣ ማራቶኑን ካሸነፈ ወዲህ ወሬው በሳይንስ ቋንቋም ይነገራል። ውሸት ነው አልልም፤ ግማሽ እውነት ነው። ከፍታው የተሰጠው ለሁሉም ነው፤ ለእረኛውም፣ ለገበሬውም፣ ለእንጨት ለቃሚዋም። አበበን፣ ማሞን፣ ዋሚ ቢራቱን የለያቸው የክቡር ዘበኛ ባልደረቦች መሆናቸው ነው። ቀለብ ነበራቸው፤ ማደሪያ ነበራቸው፤ ሲሮጡ ማንም «ሥራ ፈትተህ ነው?» አይላቸውም። ከሁሉም በላይ ሰዓት ይዞ መንገድ ዳር የሚቆም ሰው ነበራቸው፤ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን። ሰዓት ያልተያዘለት ሩጫ መንገድ መሄድ ነው፤ ማንም አይመዘግበውም።

ሽሮ ሜዳ ስንደርስ የሐበሻ ልብስ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም። ከገበያው ጀርባ ካሉት ቤቶች በአንዱ ውስጥ አያቴ ተኝታለች፤ ወይም ተነሥታ ጸሎቷን ታደርሳለች። አያቴ ከሃያ ዓመት በላይ ከእንጦጦ እንጨትና ቅጠል ተሸክማ እያወረደች ሸጣለች። እናቴ በዚያ ቅጠል ተምራ መምህርት ሆነች፤ እኔም በእናቴ ደመወዝ ጋዜጠኝነት ተማርኩ።

ባለፈው ሳምንት «እማማ፣ እሑድ እንጦጦን በሩጫ ልወጣ ነው» ብላት፣

«ማን አባረረህ?» አለችኝ።

ማንም እንዳላባረረኝ፣ እንዲያውም ለመሮጥ ስል ጫማ እንደገዛሁ ነገርኳት። የጫማውን ዋጋ ግን ዋሸኋት። ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ «ወታደሮችም እንዲሁ ሲሮጡ እናይ ነበር» አለች። «እኛ ከሸክማችን ሥር ሆነን እናያቸዋለን። ሳያባርሯቸው ሲሮጡ እንስቃለን። አንዳንዴ እነሱ መንገድ ይለቁልናል፤ አንዳንዴ እኛ እንለቅላቸዋለን።»

ስንት ሰዓት ይፈጅባት እንደነበር ጠየቅኳት። በዶሮ ጩኸት ወጥታ ጥዋት 3 ሰዓት ገበያ ትደርሳለች፤ ጥበቃ ካልያዛት። ከያዛትስ? «ገመዱን ይወስዳል» አለች። «እንጨቱስ ይሁን፣ ነገ ይለቀማል። ገመዱ ግን ገንዘብ ነው።»

ከሽሮ ሜዳ በላይ ወሬ የለም። ቁስቋምን ስናልፍ የታክሲ ሾፌሮቹም ዝም አሉ። አራት ኪሎ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ እንጦጦ ማርያም 3,000ን ያልፋል። በስምንት ኪሎ ሜትር ውስጥ ስድስት መቶ ሜትር ያህል መውጣት ማለት ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ከቁስቋም ወዲያ ነው። እዚህ ዳገት ላይ ሰው የሚሮጠው በእግሩ አይደለም፤ በክንዱ ነው። ጋሼ «አስፋልቱን አትዩት፣ የፊተኛውን ሰው ወገብ እዩ» ይላሉ። የኔ ፊተኛ ነርሷ ነበረች። ሌሊቱን ሥራ አድራ እንደመጣች የሰማሁት በኋላ ነው።

ከላይ መታጠፊያው ላይ የመጀመሪያዎቹን ሴቶች አገኘናቸው። አምስት ነበሩ። ሠላሳ፣ አርባ ኪሎ የሚሆን ቅጠልና ጭራሮ ጀርባቸው ላይ ተጋድሞ፣ ወገባቸው ታጥፎ፣ መንገዱን ግራና ቀኝ ሞልተው ይወርዳሉ። ጥግ ይዘን አሳለፍናቸው። አንዷ ቀና ሳትል «በርቱ!» አለችን። መልስ ለመስጠት ትንፋሽ ያገኘ ከመካከላችን አልነበረም። ጥቂት ወጣ ብሎ የደን ጥበቃ ቆሟል። እኛን ሲያይ «አይዟችሁ፣ ደርሳችኋል!» እያለ አጨበጨበልን። ከኋላ ይመጡ የነበሩ ሌሎች ሴቶች ግን እሱን ሲያዩ መንገዱን ትተው ዛፉ ውስጥ ሲገቡ አየሁ።

እንጦጦ ማርያም ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። ከአጠገቡ ያለው ቤተ መንግሥታቸው እንጨትና ጭቃ ነው፤ ለማየት የሚመጣ እንግዳ «ይኸው ነው?» ይላል። እኔ ግን የእንጦጦን ታሪክ ከዘውዱ ይልቅ በማገዶው በኩል ማንበብ ይቀለኛል። ቤተ መንግሥቱና ሠራዊቱ ተራራው ላይ ሲሰፍሩ ደኑ አለቀ። ከተማው ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ፍል ውኃ ወርዶ አዲስ አበባ ከተባለም በኋላ የማገዶ ነገር ሥር የሰደደ ችግር ሆኖ፣ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን እዚህ ያስቀራት፣ ከመንገድ መሠራቱ ጋር፣ በዚያው ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር አቋርጦ የመጣ ዛፍ፤ ቶሎ ይበቅላል፣ ቢቆርጡት ያቆጠቁጣል። ግን ዛፉ ብቻውን ከተራራው አይወርድም። አዲስ አበባ ከመቶ ዓመት በላይ እንጀራዋን የጋገረችው በሴቶች ጀርባ በወረደ ቅጠል ነው። ከ1879ኙ ቆርቋሪዎች ጎን እነሱን የጠቀሰ የትምህርት ቤት መጽሐፍ እኔ አልገጠመኝም።

ተራራው አናት ላይ ሜዳ ሜዳውን ስንሮጥ ትንፋሼ ተመለሰና ስለዚህ አሰብኩ። ከፍታው ሯጭ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ፣ ሸክም ጉልበት የሚያጠነክር ቢሆን ኖሮ፣ የመጀመሪያዎቹ የዓለም ሻምፒዮኖቻችን የእንጦጦ ሴቶች በሆኑ ነበር። ለሴት ሰዓት የያዘላት ግን አልነበረም። እኛ ብቻ አይደለንም፤ ዓለምም እንዲሁ ነበር። ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ1928 ሴቶችን 800 ሜትር አስሮጠና እስከ 1960 መልሶ ከለከለ። ማራቶን የፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ 10,000 ሜትር ደግሞ በ1988። በሁለቱም ጊዜ ኢትዮጵያ አልተገኘችም። ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትሩን ያሸነፈችው ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ነው። በሩ ተከፍቶ ኢትዮጵያም በተገኘችበት በመጀመሪያው ኦሊምፒክ ማለት ነው፤ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። በአራተኛው ዓመት ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ወሰደችው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደግሞ ለተሰንበት ግደይ እኛ ዛሬ የምናለከልክበትን ርቀት ቫሌንሲያ ላይ በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። እነዚህ ሴቶች ድንገት ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። ሳንባው ድሮም ነበር። የዘገየው ደመወዙና ሰዓቱ ነው።

ዞረን ስንመለስ ጋሼ «አሁን ነው ሩጫው የሚጀመረው» አሉ። አልገባኝም። ቁልቁለት ዕረፍት መስሎኝ እግሬን ለቀቅኩት። እስከ ቁስቋም ድረስ ስምንት ሰው አለፍኩ፤ ነርሷን ጭምር። ሽሮ ሜዳ ስደርስ ጭኖቼ እንደ ድንጋይ ደርቀው ነበር። አሜሪካ ኤምባሲ አጠገብ ያለፍኳቸው ስምንቱም መልሰው አለፉኝ። ነርሷ ስታልፈኝ በአዘኔታ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ፤ ይሄኛው ከሁሉም ይበልጥ አመመኝ። ከአራት ኪሎው ሐውልት ሥር ስደርስ ጋሼ ሰዓታቸውን ተጫኑና በትንሽ ደብተር ላይ ጻፉልኝ፤ 2 ሰዓት ከ34 ደቂቃ፣ ዐሥራ ስድስተኛ።

ከሰዓት በኋላ ደረጃ መውረድ እንደቃተኝ እያነከስኩ አያቴ ዘንድ ሄድኩ። ከበር ስገባ አካሄዴን አየችና ሳትጠይቀኝ አወቀች። «ቁልቁለቱን በተረከዝህ እየወጋህ ወርደህ ነው» አለች። «ጉልበት ሰበር፣ እርምጃ አጠር ማድረግ ነው። ስትወጣ ብትሳሳት ትደክማለህ፤ ስትወርድ ብትሳሳት ትሰበራለህ። እንኳንም ሸክም አልያዝክ!» ሙቅ ውኃ በጨው አቀረበችልኝ። ቡናውን ጥዳ እያራገበች፣

«ጥበቃው አሁንም እዚያ መታጠፊያው ላይ ይቆማል?» አለችኝ።

«ይቆማል።»

«አላስቆመህም?»

«አላስቆመኝም። አጨበጨበልኝ።»

ምንም አላለችም። ጀበናውን አንሥታ ስኒዎቹን መቅዳት ጀመረች።