የሞተሩ ቁመት ለማን ተለካ?

ይህን ቻናል ለፖለቲካ ብላችሁ የምትከታተሉ ዛሬ ስለ ሞተርሳይክል መጻፌ ግር ቢላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። ነገሩ ፖለቲካ የሌለበት አይደለም። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክሩዘር የሚባለውን ሞተር ታውቁታላችሁ። አሜሪካኖቹ አውራ ጎዳና ላይ እግራቸውን ወደፊት ዘርግተው የሚነዱት ረጅምና ከባድ ሞተር ነው። ባለቤቱ ውሎ አድሮ ዝቅ ማድረጊያ ኪት የሚባል ዕቃ ማማረጡ የተለመደ ነው። አጠር ያለ ሾክ፣ ወይም ሾኩ የሚታሰርበትን ቦታ የሚቀይር ብረት፣ ወይም ለፊት ሾክ የሚሆን ሌላ ሞላ ሊሆን ይችላል። ሻጮቹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር በአንድ ትንፋሽ ይነግሩታል፦ እግርህ መሬት ይረግጣል፣ ሞተርህም ያምራል። እነዚህ ሁለቱ ግን ታሪካቸው ለየቅል ነው። የትኛውን እየገዛ እንደሆነ ያልለየ ሰው ሒሳቡን የሚከፍለው በወገቡ ነው ባይ ነኝ።

ሃርሊ ዴቪድሰን በ1903 ሚልዋኪ ውስጥ ሲጀመር የኋላው ጎማ ሾክ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ጎማው በቀጥታ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል፤ በኋላ በኩል ነጂውን ከጉድጓድ የሚያተርፈው የመቀመጫው ሞላ ብቻ ነበር። በትልልቆቹ ሞተሮች ላይ ይህ ነገር ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆየ። በ1949 ሃይድራ ግላይድ በዘይት የሚሠራ የፊት ሾክ ይዞ መጣ። በ1958 ደግሞ ዱዎ ግላይድ ከኋላም ሁለት ሾክ ጨመረ።

ወገብ ተረፈ፣ መልክ ተበላሸ! ቢያንስ ብዙ ወጣቶች ያሉት እንዲህ ነው። ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንቀሳቀስ ከፓራፋንጎው በታች ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። ባዶ ቦታ ደግሞ ቁመት ነው። ከመሪው እስከ ኋላ ጎማ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይወርድ የነበረው ሻንሲ ጀርባው ጎበጠ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፓራፋንጎ እየቆረጡ ሞተር ማቅለል የለመዱት ሰዎች አሮጌውን ሾክ አልባ ሻንሲ ፍለጋ ገቡ። በ1969 «ኢዚ ራይደር» ፊልም ላይ የታዩት ሞተሮች የተሠሩት ከፖሊስ ከወጡ አሮጌ ሃርሊዎች ሲሆን፣ ኋላቸው ሾክ አልነበረውም። የሠሯቸው ክሊፍ ቮስና ቤን ሃርዲ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ስማቸው በወጉ ሳይነሳ ብዙ ዓመታት አለፉ። (ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

ፋብሪካው የመንገዱን ጣዕም ዘግይቶ ነው የተከተለው። የመሥራቾቹ ቤተሰብ የሆነው ዊሊ ጂ ዴቪድሰን በ1977 ሎው ራይደርን አወጣ። የመቀመጫው ከፍታ 27 ኢንች፣ ማለትም ወደ 69 ሴንቲ ሜትር ነበር። በ1984 ደግሞ ሶፍቴይል መጣ። ቢል ዴቪስ የሚባል የሚዙሪ መሐንዲስ ያፈለቀው ሐሳብ ነው፤ ሾኮቹን ከካምቢዮው ሥር አጋድሞ ደበቃቸው። ሞተሩ ሾክ የሌለው መስሎ ይታያል፣ ግን አለው። በእኔ ግምት በክሩዘር ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ብልህ ማታለል የለም።

እስካሁን ስለ መልክ እንጂ ስለ እግር አንድም ቃል እንዳልተነሳ ልብ በሉ። አጭር ሰው የታሰበው ሃገር የተባለው ዝቅ ያለ ስፖርትስተር ሲመጣ ነው። ታዲያ ከዚያ በፊት ሴቶች አልነዱም ማለት አይደለም። ቤሲ ስትሪንግፊልድ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦሩ በሞተር መልእክት ታመላልስ ነበር። ግን ሞተሩ የሚለካው ረዘም ባለ ወንድ ቁመት ስለነበር፣ ያልደረሰው ሰው በጫማም በመቀመጫም እንደሚሆን አድርጎ ይቻለው ነበር። ወደ 300 ኪሎ የሚመዝን ብረት መብራት ላይ ቆሞ በእግር ጣት ጫፍ መደገፍ ቀልድ አይደለም፤ ብዙ ክሩዘር የሚወድቀው ሲሮጥ ሳይሆን ቆሞ ነው።

አሁን ወደ ኪቱ እንመለስ። አጭር ሾክ ስትገዙ አብዛኛውን ጊዜ የምትቀንሱት ቁመቱን ብቻ አይደለም፤ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ የሚንቀሳቀስበትን ርቀትም ነው። ክሩዘር ደግሞ ይህ ርቀት ከመጀመሪያውም ጥቂት ነው። ብዙ ሲወርድ ሰው ከኋላ ስታፈናጥጡ ሾኩ ወለሉን ሊመታ ይችላል። የሾኩን ማሰሪያ የሚያዛውረው ብረት ርካሽ ነው፤ ሆኖም ሾኩን ይበልጥ ስለሚያጋድመው ሞላው ይለሰልሳል፣ ጎማውም ፓራፋንጎውን እስከመንካት ሊደርስ ይችላል። ለመልክ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ ሁሉ ዋጋ ያወጣ እንደሆነ እሱ ያውቃል። ለእግሩ ብሎ የሚገዛ ግን መጀመሪያ መቀመጫውን ቢያስጠብበውና ስፖንጁን ቢያስቀንሰው ይሻለዋል። የመቀመጫው ስፋት ጭንን ስለሚከፍት፣ ጠበብ ሲል እግር ሾክ ሳይነካ ወደ መሬት ይቀርባል። ያ ካልበቃ ኪቱ ይግባ፤ ግን ከፊትም ከኋላም እኩል። ኋላው ብቻ ዝቅ ካለ መሪው ይከብዳል፣ ፊቱ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ በፍጥነት ጊዜ ይቅበጠበጣል።

የሶፍቴይል ባለቤቶች ደግሞ የተለየ ጣጣ አለባቸው። ከ1984 እስከ 2017 የተሠሩት ላይ የተደበቁት ሾኮች የሚሠሩት በተቃራኒው ነው። ጎማው ወደ ላይ ሲወጣ ሾኩ ይሳባል እንጂ አይጨመቅም። ስለዚህ ሞተሩ ዝቅ የሚለው ሾኩ ሲረዝም ነው! ከ2018 ወዲህ የወጡት ግን ከመቀመጫው ሥር አንድ ሾክ ብቻ አላቸው፣ እሱም እንደ ማንኛውም ሾክ ይጨመቃል። ስማቸው አንድ ስለሆነ ብቻ የአንዱን ኪት ለሌላው ማዘዝ ገንዘብ መበተን ነው፤ ከማዘዛችሁ በፊት የሞተሩን ዓመት ከሰነዱ ላይ አረጋግጡ።

የጎን ማቆሚያውንም እንዳትረሱ። ሞተሩ ሲያጥር እሱ በነበረበት ስለሚቀር ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ትንሽ ንፋስ ወይም ተዳፋት ሲያገኝ ወደ ሌላው ጎን ይገለበጣል። አጠር ያለ ማቆሚያ አብሮ ያልያዘ ኪት ከሆነ የእሱን ዋጋም ደምሩበት።